ዕረፍት በአሮጌው ከተማ

እህቴ የሞተች ዕለት እኔ ሆቴል ውስጥ ነበርኩ። ሆቴሉም ሩቅ አገር ያለ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ፣ አሮጌው ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከቤቴ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ አለፍ ብሎ ነው። ይህን ሳወራ የሚሰማኝ ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል። «በገዛ ከተማሽ ሆቴል ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። ያለችኝ እሷው አንዲት ናት፤ ወታደርነቷን ጨርሳ አሁን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፣ አማርኛዋ ግን ያነክሳል። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች። ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የእኛ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ የሚያወራው እንዲሁ ነው፤ ማንም ማንንም ሳይሰማ ቀርቶ አያውቅም። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ኢማ ነው የምትለኝ፣ እናቴ ለማለት። «ኢማ፣ አንቺ እኮ ማረፍ አታውቂም» አለችኝ በዚያ ሳምንት። እውነቷን ነው። ሥራዬ ሽማግሌና አሮጊት መጦር ነው፤ የሰው እናት ሳነሣ፣ ሳጥብ፣ ሳበላ እውላለሁ፣ ማታ ጉልበቴን እየረገምኩ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ። በዚያ ላይ ያን ሰሞን ጎንደር ያለችው እህቴ ታማለች። መጀመሪያ ኩላሊቷ ነው አሉ፣ ቀጥሎ ልቧም ነው አሉ፤ በደወልኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጨምሩበታል። እኔ የእሑድ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጫለሁ፣ ሻንጣዬን በር ላይ ገትሬያለሁ፣ እሑድ ግን አልደርስ ብሎ ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ አመሻለሁ።

እህቴ ስል እናቴ እንደማለት ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩ፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እትዬ ነው የምላት። ያን ጊዜ ሕዝባችን ሁሉ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲመጣ እሷ ከባሏ ዘመዶች ጋር ገጠር ነበረች፤ ሳትደርስብን ቀረች። ከዚያ ወዲህ ዘንድሮ ትመጣለች፣ ለከርሞ ትመጣለች ስንል ፀጉሯ ሸበተ። እኔ እዚህ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ እሷ እዚያ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኗ ሳይከደን መድረስ። እሱ ካልሆነ፣ እግዚአብሔር ክፉውን ካመጣም፣ በዕለቱ ሰምቼ በዕለቱ ማልቀስ። ይህ ብዙ ነገር አይምሰላችሁ፤ እኛ ግን ይህችን እንኳ ተነፍገናል። ጎረቤቴ የወንድሟን ሞት የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው። «ትደነግጣለች፣ ደም ግፊት አለባት» እያሉ ሲደብቋት ሰውየው ተቀብሮ ሣር በቅሎበታል፣ እሷ ለብርዱ ጊዜ ብላ ጃኬት ገዝታ ትልክለታለች። እኔ እንዲህ አልሆንም አልኩ። ልጄን እጇን ይዤ አስማልኳት። «ስለ እትዬ የሰማሽውን ነገር፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ እዚያው ትነግሪኛለሽ። ከደበቅሽኝ ልጄ አይደለሽም» አልኳት። እሷም ማለች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ጉዱ እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስገባ «ሃፍታዓ!» ብላ ተቀበለችኝ፤ ድንገተኛ ስጦታ ማለቷ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ አዲስ የተከፈተ ሆቴል አለ፣ ትንሽዬ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ዛሬ እዚያ እናድራለን፣ ነገ ሰንበት ሳይገባ ቤታችን እንመለሳለን አለችኝ። እምቢ አልኩ። ሰው ታሞብኝ እኔ ሆቴል ልዝናና? ይሄ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው? እሷ ግን አንዴ ከያዘች አትለቅም፣ በዚህ እኔን ነው የመሰለችው። «ዶዳ እዚያ ትረፍ፣ አንቺም እዚህ እረፊ፤ እሑድ ስትገናኙ ሁለታችሁም ደኅና ትሆናላችሁ» አለችኝ። ዶዳ የምትለው አክስቷን ነው። ይህን የተናገረችው በዕብራይስጥ ነው፤ በአማርኛ ብትለው ኖሮ አፏን በእጄ እይዘው ነበር። በዕብራይስጥ ሲሆን ጆሮዬን አልቆረቆረውም።

አሮጌውን ከተማ አውቀዋለሁ። ጨርቅ የገዛሁበት፣ ጫማ ያሰፋሁበት፣ መጀመሪያ ስንመጣ የጠፋሁበት ሰፈር ነው። ቱርኮች የሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች ናቸው፤ ግማሹ ተዘግቶ እርግብ ሰፍሮበታል፣ ግማሹ ጠላ ቤት በሉት ቢራ ቤት የተማሪ መሰብሰቢያ ሆኗል። ይህኛውን ስንቴ በበሩ አልፌያለሁ መሰላችሁ፤ ከውጭ ሲያዩት ተራ ግንብ ነው።

ስንገባ ግድግዳው አልተለሰነም። «ምነው ሳይጨርሱት ሰው አስገቡ?» አልኳት። ልጄ በሳቅ ሞተች። ለካስ ልስኑን ሆን ብለው ፍቀው ነው ድንጋዩን ያወጡት። ወይ ጉድ! እኛ አገር ቤት ልስን አጥቶ ድንጋዩ ከታየ ባለቤቱ ሰው ፊት ያፍራል፤ እዚህ ልስኑን ያነሡና ዋጋውን ይጨምራሉ። አምፖሉ ምንም ሳይለብስ በረጅም ገመድ ተንጠልጥሏል። ወንበሩ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ እሱም ሆን ተብሎ ነው አለችኝ። ወለሉን ግን ማማት አልችልም። አበባ አበባ የተሣለበት የድሮ ንጣፍ ነው፣ እስከ ውስጥ ግቢው ድረስ ይዘልቃል፤ በጫማ ልረግጠው አሳሳኝና ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ሄድኩበት። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ አይታኝ እሷም ፈገግ አለች፣ ናና የገባበት ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ፣ «ቤትሽ ነው» አለችኝ። ቤቴስ ዳሌት ነው፣ ሊፍት የለውም አልኳት።

ክፍላችን ስንገባ ደግሞ ባሰ። መታጠቢያ ገንዳው አልጋው አጠገብ፣ መኝታ ቤቱ መሐል ቆሟል። በር የለው፣ መጋረጃ የለው፣ በአራት እግሩ እንደ ጥጃ ተገትሯል።

«ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ዲዛይን ነው፣ ኢማ።»

«ሰው አልጋ ላይ ተቀምጦ እኔ ራቁቴን ልንቦጫረቅ?»

«እኔ ግቢ ወርጄ እቀመጣለሁ። አንቺ ግቢበት፣ ዝም ብለሽ ተኚበት። ስልክሽን እንኳ አትንኪ።»

ውሃውን ቀድታልኝ፣ ሽታው ደስ የሚል ነገር ጨምራበት ወጣች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በቅስቱ መስኮት ገብታ ድንጋዩን ቢጫ አድርጋዋለች። እንደምንም ብዬ ገባሁ። ስንት ሰው ያጠብኩ ሴት፣ እኔ ራሴ ገንዳ ውስጥ የገባሁት መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም፤ ቤታችን ያለው መታጠቢያ ቆሞ መታጠቢያ ነው። ውሃው ጀርባዬን ሲይዘው «እሰይ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። ወዲያው ደግሞ እትዬ ትዝ አለችኝ። ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጀርባዬን ስትፈትገኝ ቆዳዬ የሚላጥ ይመስለኝ ነበር። ስጮህ «ዝም በይ፣ የሚጮኸው ቆሻሻሽ ነው» ትለኝ ነበር። እሷን እዚህ ገንዳ ውስጥ ባስገባት፣ ምን ትል ይሆን እያልኩ በሐሳቤ አጥባታለሁ።

እንዲህ እያለሁ በሩ ተንኳኳ። ልጄ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ጭንቅላቷን አስገባች።

«ኢማ፣ ከጎንደር ደውለው ነበር። በእኔ ስልክ።»

የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ቀና አልኩ። «ምን አሉ?»

«ሁሉም ደኅና ነው። ዶዳ ናኻ።»

ናኻ በዕብራይስጥ ዕረፍት ላይ ናት፣ ጋደም ብላለች ማለት ነው። እኔ በሥራ ቦታዬ በቀን ስንቴ የምለው ቃል ነው፤ የአሮጊቷ ልጅ ደውላ «እናቴ እንዴት ናት?» ስትለኝ «ናኻ» እላታለሁ፣ ምሳዋን በልታ ጋደም ብላለች ማለቴ ነው። ስለዚህ ምን ልጠርጥር? እህቴ ስንት ሳምንት ጎኗን ማሳረፍ አቅቷት፣ ቁጭ ብላ ስታቃስት የከረመች ሴት ናት። አሁን ጋደም አለች! መድኃኒቱ ሠራላት ማለት ነው፣ እንቅልፍ ወሰዳት ማለት ነው። «ተመስገን የእስራኤል አምላክ» አልኩ፣ እጄን ከውሃው አውጥቼ ወደ ላይ ዘረጋሁ። ልጄ እኔ ደስ ሲለኝ አይታ ዓይኗን የሸፈነችበትን እጇን ረስታው እሷም ሳቀች።

እሷ ስትወጣ ስልኬን አነሣሁ። አትንኪ ብላኝ ነበር፣ ግን ማን ይሰማታል! የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ በዋትሳፕ ድምፄን ላክሁ፤ እትዬ ስትነቃ ታሰማት ብዬ። ያልኩትን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ።

«እትዬ! ስሚኝማ፣ የት ሆኜ እንደማወራሽ ብነግርሽ አታምኚኝም። ውሃ ውስጥ ነኝ! መኝታ ቤት መሐል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፌ ነው የማወራሽ፣ ንግሥት ሆኛለሁ! ስሚው…» አልኩና ውሃውን በእጄ አንቦጫረቅሁላት፣ ራሴን ሳቅ አሸነፈኝ። «ዕረፍት ላይ ነሽ አሉኝ፤ እሰይ፣ እረፊ፣ እትዬዋ፣ እረፊ፣ ስንት ቀን ደክሞሻል። ግን አታብዢው! እሑድ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ። ያን ጀርባሽን እኔ ነኝ የምፈትግልሽ፣ እስክትጮሂ ድረስ።» እየሳቅሁ ላክሁት።

ምሽቱን ግቢው ውስጥ፣ የሎሚ ዛፍ ሥር ተቀምጠን በላን። ልጄ ስለ አክስቷ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኳት። እትዬ ጅብ በድስት ክዳን እያንኳኳች ያባረረችውን፣ ለሠርጓ የተገዛላትን ጫማ እኔን አልብሳ እሷ በባዶ እግሯ የሄደችውን፣ አንድ ጊዜ ያስቀየማትን ሰው ስሙን ለበሬ ያወጣችውን። ልጄ እያቋረጠች «አልገባኝም፣ ድገሚው» ትላለች፣ ስደግመው ትስቃለች። ከልጄ ጋር እንዲህ አውርቼ አላውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። ያቺ ማታ ጥሩ ማታ ነበረች፤ እንዴት ብዬ ልጥላት? እንዴትስ ብዬ ልያዛት? ያን ዕለት አልጋው ላይ እንደወደቅሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ቁርስ እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ሳህኑ ሁሉ የአሻንጉሊት ነው የሚመስለው፤ በአንዱ ትንሽ አይብ፣ በአንዱ ትንሽ ወይራ፣ በአንዱ ምን እንደሆነ ያልገባኝ ሮዝ ነገር። እኔ ለእትዬ ላሳያት ብዬ በቪዲዮ ልደውል ስልኬን አወጣሁ።

«ተያት፣ ኢማ፣ ትረፍ» አለችኝ ልጄ። «ሰውየውም በጣም ተጠንቅቆ ነው ያወራኝ።»

«የትኛው ሰውየ?»

«ትናንት የደወለው። ሽማግሌ ነው፣ ጎረቤቷ ነው መሰለኝ። ድምፁ ደስ ይላል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ሁሉንም ገባኝ!» አለችኝ። አማርኛ ስለገባት ኮርታለች።

እኔ ደግ ወሬ ደጋግሞ መስማት ደስ ይለኛል። «በይ ቃሉን ንገሪኝ» አልኳት፤ «እሱ እንዳለው፣ በአማርኛው።»

ሹካዋን አስቀመጠች። እንደ ተማሪ ተስተካክላ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ “ልጄ፣ አጠገባችሁ ትልቅ ሰው አለ ወይ?” አለኝ። እኔም “አለ፣ እኔ ትልቅ ነኝ፣ ወታደርም ጨርሻለሁ” አልኩት።» ሳቀች።

እኔ ልስቅ ከንፈሬን ከፍቼ ነበር። እዚያው ቀረ።

«እ…ከዚያስ?»

«ከዚያ “እንግዲህ እናትሽን ቁጭ አድርጋችሁ፣ በሰው በሰው ንገሯት፤ እህቷ አርፋለች” አለኝ። ከዚያ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አለኝ። እኔም “አሜን፣ አንተንም” አልኩት። ጥሩ መለስኩ?»

ወይ ልጄ! እንዴት አድርጋ አጥንታዋለች! አንድ ቃል አልጣለችም። የሽማግሌውን አነጋገር፣ ቃሉን የሚያሳርፍበትን ቦታ ሁሉ ሳይቀር ይዛዋለች። ሰውየው የወግ ሰው ነው፤ ሞተች አላለም፣ ማንም ጨዋ ሰው አይልም። ትልቅ ሰው አለ ወይ ሲላት ሽማግሌ አለ ወይ፣ ይህን ነገር የሚሸከም ሰው አለ ወይ ማለቱ ነው። እሷ ዕድሜዋን ነገረችው። አርፋለች ሲላት ወደ ዕብራይስጥ ገልብጣ ናኻ ብላ አመጣችልኝ፣ በሰማችበት ቅጽበት፣ ገንዳው ድረስ።

ከወንበሩ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ብቻ ያ አበባ አበባ ያለበት ወለል ላይ ነኝ፣ ደረቴን እመታለሁ። ልጄ ተንበርክካ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። «ኢማ፣ ማ ካራ? ምን ሆንሽ? ማን ልጥራ?» ትላለች። አልገባትም። በገዛ አፏ ነግራኝ አልገባትም! መርዶ ነጋሪዋን እኔው ማርዳት ነበረብኝ። በዕብራይስጥ ለስላሳ ቃል አለ፣ በሥራዬ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። «ዶዳ ሜታ» አልኳት፤ አክስትሽ ሞተች።

«አይደለም! ናኻ ነው ያለው! አርፋለች ነው ያለው!»

«አርፋለች እኮ ሞተች ነው፣ አንቺ ደንቆሮ!» ብዬ ጮህኩባት። በሰው ፊት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ማለት ይሄ ነው! እኔ እዚያ ውሃ ውስጥ እየዋኘሁ እህቴ አስከሬን ሆና ተጋድማለች! ልጄ አይደለሽም!» አልኳት። ከደበቅሽኝ ነበር ያልኳት፤ ልጅቱ መች ደበቀችኝ! ይህን እንኳ ማሰብ አልቻልኩም። አጠገባችን ቁርስ ይበሉ የነበሩ ባልና ሚስት ብድግ አሉ፣ ሴትየዋ ውሃ ይዛ መጣች፣ ምን እንደሆንን ማንም አልገባውም። እንግዳ ተቀባይዋ «ሐኪም ልጥራ?» ትላለች። ልጄ ግን እንደተንበረከከች ቀርታለች፣ ከንፈሯ ያንን ቃል ብቻ ይደግማል፤ «አርፋለች፣ አርፋለች» ትላለች፣ እንዲህም እንዲያም እያገላበጠች ታየዋለች።

ጎንደር ደወልኩ። ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ ነው ቀኑ ዓርብ መሆኑ የታወሰኝ፤ ሰንበት ሳይገባ በማለዳ ነው የሚቀብሯት። ቀብር ላይ ናቸው። እኔ የወይራ ፍሬ ስቆረጣጥም አፈር እያለበሷት ነበር ማለት ነው። በዕለቱ ሰምቼ በዕለቱ ላለቅስ ነበር ምኞቴ፤ መርዶው በዕለቱ ደረሰኝ፣ ለቅሶው ግን አመለጠኝ። ወይ ነዶ!

ታክሲ ውስጥ ልጄ ከፊት ተቀምጣለች፣ እኔ ከኋላ። ስልኬን ስከፍት የላክሁት መልእክት ታየኝ። ተሰምቷል። ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል። ለካ ያ ሁሉ ሳቄ፣ ያ ሁሉ መንቦጫረቄ ለቅሶ ቤት ገብቷል! አስከሬን ከተጋደመበት ቤት፣ ዘመድ አዝማድ ከተሰበሰበበት፣ የእኔ ድምፅ «ንግሥት ሆኛለሁ» ብሎ ገብቷል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምን ይሉኝ ይሆን? እስራኤል ሄዳ ጠገበች፣ እህቷ ሞታ ትስቃለች ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ፎቁ ሁሉ ወርዶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ሻንጣዬ አሁንም በር ላይ እንደተገተረ ነው፤ የሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ በእሱ እየተደናቀፈ ይገባል፣ ማንም ግን ደፍሮ አላነሣውም። ልብሴን ቀደድኩ፣ መሬት ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ከበቡኝ፣ አለቀሱልኝ። እኔ ግን እንባ እምቢ አለኝ። ዓይኔ ደርቆ ያቃጥለኛል። ንዴት ብቻ ነው ያለኝ፤ በልጄ ላይ፣ በሽማግሌው ላይ፣ በዚያ ገንዳ ላይ፣ «ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ አውሩላት፣ ወደ ኋላ እንዳትቀር» ብላ በመከረችን የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ላይ። ልጄ ኩሽና ገብታ ብቻዋን ቆማለች። የታችኛው ፎቅ እማማ ወደ እሷ አየት አደረጉና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «አንቺ፣ ይህችን ልጅ ጥሪያት። ወንድም የላት፣ አባት የላት፣ ዛሬ ማን ያጽናናት?» አሉኝ። ሰማኋቸው፣ አልጠራኋትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ የእህቴ ልጅ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ልጄ ናት፤ አምጥታ ድምፁን ከፍታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፣ ሄዳ በሩ ሥር ተቀመጠች። እኔ ሰላምታም አላልኩ።

«ልጄ…ያ መልእክት…» አልኩ። እንዴት ብዬ ልጨርሰው?

«ደርሶናል፣ አክስቴ» አለችኝ። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። «ሽማግሌው መጥተው “ነግሬያለሁ፣ ትልቅ ሰው አጠገባቸው አለ” አሉን። እኛም ምን ሆነች ይሆን፣ ማን ይይዛታል እያልን ሳለን ድምፅሽ መጣ። “እረፊ፣ ደክሞሻል” ስትዪ ቤቱ በእንባ ታጠበ። ሳቅሽን ሲሰሙ ሴቶቹ ደነገጡ፤ ኀዘኑ አእምሮዋን ነካት አሉ። እኔ ግን አይደለም አልኳቸው። እናቴ ተጨንቃ እንዳትሄድ ብላ ነው፣ እያለቀሰች እየሳቀች ነው የምትሸኛት አልኳቸው።»

ስልኩን ከጉልበቴ ላይ በሁለት እጄ አነሣሁት።

«ዛሬ ጠዋት ከመገነዟ በፊት ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርጌ አሰማኋት፣ አክስቴ። እስከ መጨረሻው አሰማኋት። እሑድ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ፣ ጀርባሽን እፈትግልሻለሁ እስካልሽው ድረስ። ከዚያ ነው የሸፈንናት። አውቀሽ ነው አይደል? ሴቶቹ አሁንም ይጠይቁኛል። አውቀሽ ነው የሳቅሽላት?»

ቀና አልኩ። ልጄ ጉልበቷን አቅፋ በሩ ሥር ተቀምጣለች። አማርኛው በሙሉ እንደገባት ፊቷ ላይ አየሁት፤ አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። እኔን ነው የምታየኝ።

«አዎ» አልኩ። «አውቄ ነው። ልጄ ወዲያው ነግራኛለች።»

ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ።